መደብ ያላት ኢ-መደበኛ

ባለፈው ሰሞን ከመካከላችን አንዱ እናቱን ይዞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ። ጉዳዩ የሚከብድ አልነበረም፤ ቅጽ ማስሞላት፣ ፎቶ መነሣት፣ አሻራ መስጠት፣ መውጣት። እናቱ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል የቆጠሩ፣ እሑድ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሴት ናቸው። ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ፣ የሱቅ ማስታወቂያም ቢሆን፣ ጮክ ብለው ማንበብ ይወዳሉ። በመስኮቱ አናት ላይ የተለጠፈችውን ወረቀትም እንደ ልማዳቸው አነበቧት፤ «ኢ-አገልግሎት»።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «የለም ብለው ከለጠፉ ታዲያ ምን ያሰልፈናል?» አሉት።

ልጅም «ኢ ማለት እኮ ኤሌክትሮኒክ ማለት ነው እማዬ» ብሎ አስረዳ። ከኋላቸው የተሰለፈ ሰው ሳቀ። ወረፋው ግን ፈቀቅ አላለም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆሙ ከመስኮቱ ውስጥ ሁላችንም በቃላችን የምናውቃት ዐረፍተ ነገር ተሰማች፤ «ሲስተም የለም»። እናትየው ልጃቸውን አዩት። ምንም አላሉም፤ ማለትም አያስፈልጋቸውም ነበር።

ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ሲስተሙ ተመለሰ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች፤ ይህን ልጃቸውም መስክሮላታል። «ሥራዎ ምንድን ነው እማማ?» ስትላቸው «ጉሊት ነው የምሸጠው ልጄ፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ» አሏት። ልጅቷ ከኮምፒውተሩ ዝርዝር ውስጥ ፈለገች፤ ጉሊት የሚል የለም። ቀረብ ያለውን መረጠች። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ እናትየው እንደገና ጮክ ብለው አነበቡ፤ «ሥራ፦ ኢ-መደበኛ»።

«ይቺኛዋስ ኢ፣ ኤሌክትሮኒክ ናት?»

ታሪኩን ማኪያቶ ላይ ሆነን ስንሰማ ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን ክርክር ተነሣ፤ ማምሻውን ሙሉ በላብን። ግማሾቻችን «ቃል ነው፣ ምን ችግር አለው?» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ሴትየዋ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ የጠየቁት ጥያቄ መልስ ይገባዋል አልን። ይህ ጽሑፍ የሁለተኛው ወገን ነው። የመጀመሪያው ወገንም አንብቦታል፤ እያጉረመረመም ቢሆን ስሙን አብሮ አስገብቷል።

እንግዲህ ኢ ከየት መጣች? በትምህርት ቤት ሰዋስው «ባዕድ መነሻ» ከሚባሉት አንዷ ናት። የኛዋ ኢ የግእዝ ልጅ ናት፤ ሥራዋም ማፍረስ ነው። መጽአ መጣ፣ ኢመጽአ አልመጣም። ይክል ይችላል፣ ኢይክል አይችልም። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ ትርጉሙን ባያጣራም ኢን በጆሮው ያውቃታል። «ዘኢይመውት» የማይሞት ማለት ነው። ዐሠርቱ ትእዛዛት ውስጥ ያሉት «ኢትቅትል» እና «ኢትስርቅ» ደግሞ አትግደልና አትስረቅ ናቸው። እናትየው «ኢ-አገልግሎት» ሲያዩ አገልግሎት የለም ብለው የተረዱት ካለማወቅ አይደለም። ከወረቀቱ ጸሐፊ ይልቅ ቋንቋውን ስለሚያውቁ ነው።

በነዚህ የግእዝ ቃላት ውስጥ ኢ የቆመችው ግሥ ፊት ነው። ግሥ ደግሞ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ይዞራል። ኢትስርቅ ውስጥ ያለችው «ት» አንተ ናት፤ ሌላ ማንም አይደለም። ኢመጽአ ስንል ያልመጣ አንድ ሰው አለ። እርግጥ ግእዝ ኢን አንዳንዴ ከስምና ከቅጽልም ጋር ያውላታል፤ ኢአማኒ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ዋና ቤቷ ግን ግሥ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ኢ ብቻዋን የበቀለች አይደለችም። በሜሶጶጣሚያ የሸክላ ጽላቶች ላይ በተጻፈው አካድኛ «አይ» እና «ኤ» የሚሉ መነሻዎች አሉ፤ «እንዲህ አይሁን» የሚል ምኞትና ክልከላ ይገለጽባቸዋል። የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች የኛዋን ኢ ከነሱ ጋር ያዛምዷታል። ይበልጥ የሚያስገርመው የዕብራይስጡ ዘመድ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 ታቦቱ በፍልስጥኤማውያን በተማረከበት ዕለት አንዲት እናት በምጥ ላይ ሆና የወለደችውን ልጅ «ኢካቦድ» ብላ ትሰይመዋለች። ኢ ያው ኢ ናት፤ ካቦድ ክብር ነው። ካቦድ የተሠራው ከባድ፣ ክብደትና ከበደ ከሚሉት ቃሎቻችን ሥር ነው። ስለዚህ ስሙን በኛ ጆሮ ብንሰማው «ክብደት የሌለው» ይመስላል። ከአንድ ሰው ላይ ክብሩ ሲነሣ ክብደቱ ይቀንሳል ብሎ የሚያስብ ቋንቋ መሆኑ ነው።

ዛሬ በእስራኤል የሚነገረው ዕብራይስጥ ይህችን ኢ ከጥንቱ አውጥቶ እንደኛ መሥሪያ ቤት ሥራ ላይ አውሏታል። ኢ-ኤፍሻር የማይቻል ነው። ኢ-ጼዴቅ ፍትሕ ማጣት ነው፤ ጼዴቅ የኛው ጽድቅ ነው። አያቱ ጎንደር ሳሉ የቤተ እስራኤልን የግእዝ ጸሎት የሰሙበትን መነሻ የልጅ ልጅ ዛሬ እስራኤል ውስጥ በክፍል ዕብራይስጥ ይማረዋል፤ ሁለቱ መነጋገራቸውን ግን እንጃ። ዕብራይስጥም ቢሆን ከኛ የባሰ ጣጣ አለበት። በዚያ ቋንቋ ኢ ማለት ደሴት ማለትም ነው፤ አጻጻፉም አንድ ነው። ኢ-ጼዴቅ የሚለውን በቀና ልብ ያነበበ ሰው «የፍትሕ ደሴት» ብሎ ሊረዳው ይችላል።

አማርኛ ግን ኢን ትቷት ሌላ መንገድ ሄዷል። እኛ «አል» እንላለን፤ ያንሰናል ብለን መጨረሻ ላይ «ም» እንጨምርበታለን። አልመጣም፤ ፊትና ኋላ ተቆልፏል። ፈረንሳዮችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ከግሡ በፊት «ን»፣ ከግሡ በኋላ «ፓ»፤ ፓ መጀመሪያ እርምጃ ማለት ነበር። ትግርኛ «አይመጽእን» ሲል እሱም በሁለት በኩል ነው የሚቆልፈው። ኦሮምኛ «ሂን» ይላል፤ ሂን ዴሙ፣ አይሄድም። የኛ አል ደግሞ የዕብራይስጥ ዘመድ አለው። ዕብራውያን «አል ቴሌኽ» የሚሉት አትሂድ ነው፤ በኛው አትሂድ ውስጥ ል በት ተውጣ ነው እንጂ አል እዚያው አለች።

ነገሩን ያስረዘምነው አንድ ነገር ለማሳየት ነው፤ በሕያው አማርኛ ኢ የለችም። ልጇን «ኢ-ጨዋ» ብላ የምትቆጣ እናት አይተን አናውቅም፤ ባለጌ ነው የምትለው። ወጡ «ኢ-ጣፋጭ» አይሆንም፤ ጨው ያንሰዋል። ፍቅረኛው የተወችው ወዳጃችን «ኢ-ተፈቃሪ ሆንኩ» አላለንም። እሱማ ቢል ደስ ይለን ነበር፤ አንድ ሳምንት እንስቅበት ነበር።

ታዲያ ኢ ዜና ማሰራጫው፣ ስብሰባው፣ ቅጹ ላይ እንዴት ተመልሳ መጣች? በተርጓሚ እጅ ነው። እንግሊዝኛው «ኢን» እና «አን» እያለ የሚያፈርሳቸው ቃላት ጎረፉ፤ ኢንፎርማል፣ ኢንሂውማን፣ አንዲሞክራቲክ። ተርጓሚው አጭር መነሻ ፈለገ፤ ግእዝ መደርደሪያው ላይ አገኛት። ድምፁም የሚመሳሰል መሆኑ ሳይረዳው አልቀረም። ዝምድና ግን የላቸውም። የላቲኑ ኢን፣ የጀርመን ቋንቋዎች አን፣ የግሪኩና የሳንስክሪቱ አ ወይም አን የአንድ ጥንታዊ የሕንድ-አውሮፓ እናት ልጆች ናቸው። ጋንዲ የተናገረለት አሂምሳ ውስጥ ያለችው የመጀመሪያዋ አ ያቺው ናት፤ ሂምሳ መጉዳት፣ አሂምሳ አለመጉዳት። የኛዋ ኢ ከሌላ ቤት ናት። ሁለት የማይዛመዱ ግን የሚመሳሰሉ ሰዎች አንድ ቢሮ ውስጥ ተገናኝተው ሥራ እንደተለዋወጡ ቁጠሩት።

የላቲኑ ኢን በገዛ ቤቱም ሰላም የለውም። «የለም» ከሚለው ሌላ «ወደ ውስጥ» የሚል መንትያ አለው። እንግሊዝኛ «ኢንፍላመብል» የሚለው በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው፤ እዚህ ያለው ኢን ወደ ውስጥ የሚለው ነው። «የማይቀጣጠል» ብሎ የተረዳው ሰው ሲጋራውን ቢለኩስስ? በዚህ ስጋት ነው ኢንን ቆርጠው «ፍላመብል» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ያስለመዱት። በአንድ ፊደል ሰው ሊሞት እንደሚችል ያሰበ ቢሮ ነበር ማለት ነው።

ሌላም ጉድ አለ። ሕፃን በእንግሊዝኛ «ኢንፋንት» ነው፤ ላቲኑ «የማይናገር» ማለት ነው። ሕፃን ምን ያህል እንደሚጮኽ ለሚያውቅ ሰው ይህ ስም አስቂኝ ነው። «አቶም» በግሪክ የማይቆረጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የዩራኒየም አቶም በበርሊን ቤተ ሙከራ ለሁለት ተከፈለ፤ ስሙ ግን አልተቀየረም። አንድን ነገር ባልሆነው ስትጠራው ነገሩን ሳታየው ልትቀር ትችላለህ።

ስለ ኤሌክትሮኒኳ ኢ ብዙ አንልም፤ እሷ መነሻ ሳትሆን የተቆረጠች ቃል ናት። ምንጯ ግን ያስቃል። ኤሌክትሮን በግሪክ ከጥንት የዛፍ ሙጫ የተሠራ ቢጫ ጌጥ ነው። ሲታሽ ገለባ ይስባል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1600 ባሳተመው የማግኔት መጽሐፉ እንዲህ የሚስቡትን ነገሮች «እንደዚያ ሙጫ ያሉ» ብሎ በላቲን ጠራቸው፤ ኤሌክትሪክ የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ኢ-አገልግሎት ከሥሩ ሲተረጎም የሙጫ አገልግሎት ነው። ሦስት ሰዓት ተሰልፎ ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ የተሳሳተ አይመስልም። የኛ ሕግ አውጪ ግን በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1205ን ሲያወጣ «የኤሌክትሮኒክ ግብይት» ብሎ ቃሉን ሙሉውን ጻፈው። እጅ መንሣት ይገባል፤ «ኢ-ግብይት» ቢለው ኖሮ ገበያ የሚዘጋ አዋጅ በመሰለ ነበር። ሦስተኛም ኢ አለች፤ በምሕጻረ ቃል ኢትዮጵያን የምትወክለው። ኢሰመኮ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው፤ ኢ-ሰብአዊ ደግሞ ኮሚሽኑ የሚቃወመው ነገር ነው። በሁለት ፊደል ይጋራሉ። ለውጭ ሰው ይህን ማስረዳት ሞክሩ።

አሁን ወደ እናትየዋ እንመለስ። ኢ-መደበኛ የሚለው ቃል አዲስ አበባ የደረሰው በአክራና በናይሮቢ በኩል ነው። ኪት ሃርት የተባለ እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ኒማ በሚባለው የአክራ ሠፈር ከሰሜን ጋና ከመጡ ሰዎች ጋር ኖሮ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1971 በአንድ ጉባኤ ላይ አቀረበ፤ በ1973 ታተመለት። ሰዎቹ «ሥራ አጥ» ይባላሉ እንጂ ሲሠሩ ነው የሚውሉት የሚል ነበር ነገሩ። ገቢያቸውን «ኢንፎርማል» አለው። በ1972 የዓለም ሥራ ድርጅት የኬንያ ጥናቱን ሲያወጣ ቃሉን ይዞት ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ የሌለበት ሪፖርት የለም። ምፀቱ እዚህ ላይ ነው። ሃርት ቃሉን ያመጣው የማይታዩትን እንዲታዩ ለማድረግ ነበር። ሳጥን ሲሆን መልሶ ሸፈናቸው።

ኬንያውያን ግን የራሳቸው ስም ነበራቸው፤ ጁዋ ካሊ ይሉታል። በስዋሂሊ ጠራራ ፀሐይ ማለት ነው። ጣሪያ ሳይኖረው ሜዳ ላይ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው ስሙ ያ ነው። የጎደለውን ሳይሆን የቆመበትን ይናገራል።

እኛስ ስም ጠፍቶን ነው? ማስቲካና ሲጋራ በሣጥን አንግቶ የሚዞረው ልጅ ሱቅ በደረቴ ነው። ከዚህ የተሻለ የንግድ ስም ማን ያወጣል? ሱቅ አለው፤ አድራሻው ደረቱ ነው። ጀብሎ አለ፣ ሊስትሮ አለ፣ አዝዋሪ አለ። ጉሊት ደግሞ ጎለተ ከሚለው ግሥ ጋር ይዛመዳል፤ መጎለት አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ መቀመጥ ነው። ዝናብ ይምጣ ፀሐይ ከቦታዋ የማትነቃነቅ ሴት።

መደብስ? መደብ ከግድግዳ ጋር ተያይዞ የሚሠራ የጭቃ መቀመጫ ነው። ጎመን የሚተከልበት ክፍልፋይ መሬት ነው። ነጋዴ ዕቃውን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በ1960ዎቹ ተማሪዎች «የመደብ ትግል» ሲሉ ሰዎች በኑሯቸው የሚመደቡበት ወገን ነበር፤ ለዚያ ቃል ብዙ ሰው ሞቷል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጉሊት ወርዶ የሚያውቅ ሰው የሚያውቃት መደብ አለች፤ አራት አምስት ቲማቲም ተከምሮ አንድ መደብ ይባላል። «መደቡ ስንት ነው?» ብለን ነው የምንገዛው። ኪሎ መግዛት የማይችል ቤተሰብ በመደብ ይኖራል።

እንግዲህ ፍረዱ። መደብ ላይ ተቀምጠው፣ በመደብ እየሸጡ፣ ልጅ ያስተማሩ ሴት ናቸው ኢ-መደበኛ የተባሉት።

«ቃል ነው» ለሚለው ወገናችን ያለን መልስ ይህ ነው። ብድር ለመጠየቅ ሲሄዱ የሚጠየቁት «መደበኛ ገቢ» ነው። ወረቀታቸው ላይ ደግሞ ኢ-መደበኛ ተብሎ ተጽፏል። ያ ወረቀት ምን እንደሚሸጡ አይናገርም፤ ስንት ዓመት እንደሸጡ አይናገርም፤ አንድ ነገር እንደሌላቸው ብቻ ይናገራል። የሚፈርደው ሰው ሴትየዋን አያያቸውም፤ ሰረዟን ነው የሚያየው። ኢካቦድ ማለት ይህ ነው፤ ክብደቷን ቀንሶ መመዘን።

ያዙልን ያልናችሁ ነገር ደግሞ እዚህ ጋ ይመጣል። ኢ ግሥን ትታ ቅጽል ላይ ስትቀመጥ ባለቤቱ ይጠፋል። ዜና ላይ «ኢ-ፍትሐዊ አሠራር ተስተውሏል» ይባላል። ማን አልፈረደም? ለማን አልተፈረደም? ያየውስ ማን ነው? ኢትስርቅ ጣቷን ቀስራ «አንተ» ትል ነበር፤ የዛሬዋ ኢ እጇን ኪሷ ከታ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። ደካማውን ሰው ባልሆነው ትጠራዋለች፤ ባለሥልጣኑን ደግሞ ባደረገው ነገር እንዳይጠራ ትከልልለታለች። ሁለቱም በአንዲት ፊደል ነው የሚሠራው።

ይህ ማለት ግን ኢ ትጥፋ ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል። እዚያ ቃሉ ክብደት አለው፤ ድርጊትን ነው የሚጠራው፤ ሰውን አይደለም። የሚተካው ቃልም ማናችንም አላገኘንም፤ «አረመኔያዊ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ በድምፅ ብልጫ ወድቋል።

ፀረ- ስለሚለው መነሻ ደግሞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል። የግሪኩ «አንቲ» ከሥሩ «ፊት ለፊት» ማለት ነበር። እኛ ስንተረጉመው ፀር፣ ጠላት፣ አደረግነው። ፊት ለፊት የቆመ ሰውና ጠላት በኛ ቋንቋ አንድ ሆኑ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. «ፀረ-አብዮት» የተባለ ሰው ምን እንደደረሰበት ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

ምሽቱ ሲያልቅ ሁለቱም ወገኖች የተስማማንበት አንድ ነገር ቢኖር በዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር መጨመር ከባድ አለመሆኑ ነው፤ «ጉሊት» አራት ፊደል እንኳ አትሞላም። ወዳጃችንም ይህን ይዞ የእናቱን ወረቀት ሊያስተካክል ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። ትሑቷን ልጅ ሁለቱንም ጊዜ አግኝቷታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሲስተም አልነበረም።